ሁለቱ ክዳኖች

አንሶላው ጠረጴዛዬ ላይ ሲዘረጋ ቢጫነቱ ወዲያው ታየኝ። እድፍ አልነበረም፤ እድፍ ጠርዝ አለው። ይህ የመተኮሻው ብረት አጥብቆ በነካው ቦታ ሁሉ ሳሳ ብሎ የተሰራጨ ነበር። ወደ መስኮቱ ወስጄ በብርሃን አየሁት፤ ገልብጬም አየሁት። ጫፉን ይዤ ሳብ ሳደርገው ተቀደደ። ከተገዛ ገና መንፈቅ ያልሞላው አንሶላ ነው።

ሥራዬ ይኸው ነው። ከሆቴልና ከክሊኒክ የመጣ አንሶላ ታጥቦና ተተኩሶ እኔ ጋ ሲደርስ አንድ በአንድ ዘርግቼ አያለሁ። የጠራውን አጥፌ አሳልፋለሁ፣ ያልጠራውን እመልሳለሁ። ኬሚካል መሐል ስኖር አፍንጫዬ ከሥራ ውጭ ከሆነ ቆይቷል። ማሽኖቹም ሲያጓሩ ስለሚውሉ ሰው የሚለኝን የምይዘው ከንፈሩን እያየሁ ነው። የማምነው ዓይኔን ነው።

የመተኮሻዋ እትዬ በዚህ ነገር ከእኔ ጋር ተስማምተው አያውቁም። እሳቸው ጨርቅ አያዩም፤ ያሸታሉ፣ በጣታቸው ያሹታል።

"በረኪናው አልለቀቀም" አሉኝ፣ አንሶላውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው። "ሙቀቱ ሲነካው ዓይኔን ያቃጥለኛል።"

"እኔ የሚታየኝ ቢጫ ነው።"

"አንተማ አፍንጫህ ለጌጥ ነው የተሰጠህ።"

ሆቴሉ የመለሰብን የመጀመሪያ ጥቅል አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ባለቤቱ ወደ ቢሮው አስጠራኝ። ላውንደሪውን ከአባቱ የወረሰ ነው፤ በልጅነቱ ስለማውቀው ብቻችንን ስንሆን አንተ እለዋለሁ፣ እሱ ጋሼ ይለኛል። አንድ ጠባይ አለው፤ ሰው ሲያናግረው ዓይኑን ይጨፍናል። ደብዳቤ ቢመጣለት እንኳ ለጸሐፊዋ ሰጥቶ "አንብቢልኝ" ይላል። የሰውን ሐሰት ከድምፁ እለያለሁ ብሎ ያምናል።

"ከመንገዱ ማዶ አዲስ ላውንደሪ ተከፈተ" አለኝ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ። "በዚያው ሰሞን የእኛ አንሶላ ይበሰብስ ጀመር። አጋጣሚ ነው ይላሉ?"

"ማሽኑ ቢሆንስ?"

"ማሽኑን ባለሙያ አይቶታል፤ ደህና ነው። ሰው ነው፣ ጋሼ። ከውስጥ የሚያበላሽብኝ ሰው አለ። እስከ ቅዳሜ ማን እንደሆነ ይንገሩኝ፤ ያንኑ ቀን አሰናብተዋለሁ።"

ደረጃውን ወረድኩ። በማጠቢያው ክፍል ያሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንደኛው ሬዲዮ የምንለው ልጅ ነው፤ ጆሮው ላይ የጆሮ ማዳመጫ ካልሰካ እጁ አይንቀሳቀስም፣ ሲያወራም ማቆሚያ የለውም። ሁለተኛዋ የታናሽ ወንድሜ ሚስት ናት። ወንድሜ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ የመኪናው ሞተር ነክሶ ከቆመ ወዲህ ቤት ተቀምጧል። ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። ሥራውን ያስገባኋትም እኔ ነኝ፤ የምንኖረውም አንድ ግቢ ውስጥ ነው።

ትልቁ ማጠቢያ ማሽን ፊት ለፊቱ፣ በላይኛው በኩል፣ ሁለት ክዳኖች አሉት። በአንደኛው በረኪና ይጨመራል፤ ኋላ እንደገባኝ ማሽኑ ከመጀመሪያው እጥበት ጋር ይወስደውና ከዚያ በኋላ ደጋግሞ ያለቀልቀዋል። በሌላኛው ማለስለሻ ይጨመራል፤ እሱ የሚገባው በመጨረሻው ውሃ ነው። ክዳኖቹ ላይ የነበረውን ጽሑፍ በረኪናው ራሱ በልቶታል። የቀድሞዋ ዋና አጣቢ ጡረታ ከመውጣቷ በፊት አሠራሩን በስልኳ ቀርጻ ትታ ነበር፤ ባለቤቱም ቪዲዮውን ለሁላችንም ልኮልናል። ሁለቱ አዳዲሶች የተማሩት ከዚያ ነው።

በማግስቱ ቀለም የማይለቅ ክር ገዛሁ፤ ቀይና ሰማያዊ። ሁለቱ ለምሳ ሲወጡ ለመታጠብ ከተዘጋጁት ጥቅሎች መሐል እየገባሁ በወንድሜ ሚስት ጥቅሎች ውስጥ ካሉት አንሶላዎች ጥግ ላይ ቀይ፣ በሬዲዮ ጥቅሎች ላይ ሰማያዊ ሰፋሁ። ማንም እንዳያየኝ በሩን በሩን እያየሁ ነበር። እኔ ሰው የምከስ ከሆነ በግምት አልከስም።

ተተኩሶ ሲመጣ ሰማያዊ ክር ያለው ሁሉ ነጭ ነበር። ቀይ ክር ያለው ሁሉ ቢጫ ነበር።

ለማንም አልተነፈስኩም። መጀመሪያ እጃቸውን ላየው ፈለግሁ። የተቀደደ ከረጢት የምፈልግ መስዬ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ ቆየሁ። ሬዲዮ በረኪናውን በቀኙ ክዳን ጨመረ። የወንድሜ ሚስት በግራው ጨመረች። እጇ አላመነታም፤ ወደ እኔም አልዞረችም።

ነገሩን በእጄ የያዝኩት መሰለኝ። ጠረጴዛዬ ጋ ተመልሼ በማሽኖቹ ጩኸት መሐል ስልኬን አወጣሁና ቪዲዮውን አየሁት። ዋናዋ አጣቢ ሽርጧን ታጥቃ ማሽኑ አጠገብ ቆማለች፤ አፏ ይንቀሳቀሳል፣ የበረኪናውን ጀሪካን ታነሳለች፣ ክዳኑን ትከፍታለች፣ ትጨምራለች። የግራውን ክዳን። መልሼ አየሁት። ግራ ነው።

እንግዲህ እንደታዘዘው የምትሠራው የወንድሜ ሚስት ሆነች። የተሳሳተው ሬዲዮ ነው፤ የእሱ አንሶላ ግን ንጹሕ ነው። ይህን ይዤ ብዙ አወጣሁ አወረድኩ። የደረስኩበትም የክዳኑ ግራና ቀኝነት ለውጥ አያመጣም፣ ሁለቱም ውስጥ ለውስጥ አንድ ቦታ ይገናኛሉ የሚል ነበር። አንሶላውን የሚያበላሸው ሌላ ነገር ነው። እኔ ሳያት በደንቡ ትሠራለች፤ ዞር ስል አንድ ነገር ትጨምርበታለች።

ለማረጋገጥ ያህል ሁለቱንም ለየብቻ ጠየቅኋቸው።

"አሠራሩን ከየት ነው የያዝሽው?"

"እንዳሳየችን ነው፣ ጋሼ" አለች፣ ቀና ሳትል።

ሬዲዮ አንዱን ማዳመጫ ከጆሮው ነቅሎ ሰማኝ። "እንደነገረችን ነዋ። በአውቶቡስ ስመጣ ስሄድ ሰምቼ ሰምቼ ድምጿ በሕልሜም ይመጣብኛል። ምነው ጋሼ፣ መርማሪ ሆኑ እንዴ?"

ያን ዕለት ማምሻውን የወንድሜን መሰላል ልመልስ ወደ ቤታቸው ገባሁ። ወንድሜ አልነበረም። ልጃቸውን ጭኗ ላይ አስተኝታ ስልኳን እያየች ነበር። የስክሪኑ ብርሃን ፊቷ ላይ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለውም። እኔን ስታይ ስልኩን ጉልበቷ ላይ ደፋችው።

"ምን እያየሽ ነው?"

"ምንም።"

"ድምፅ የሌለው ምንም?"

"ልጅ ተኝታለች፣ ጋሼ። እኛ ቤት ሁሉም ነገር ያለ ድምፅ ነው የሚታየው።"

መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ። "ሥራስ እንዴት ይዞሻል?"

"እርስዎ ያውቁት የለ" አለች።

በአነጋገሯ ውስጥ ስለት ነበረ። ወደ ቤቴ ስመለስ ያቺ ቃል ተከተለችኝ። እኔ የማውቀውን ታውቃለች ማለት ነው? ከአንድ ቀን በኋላ ደግሞ ለምሳ ስወጣ ከመንገዱ ማዶ ካለው አዲሱ ላውንደሪ በር ስትወጣ አየኋት። እሷም አየችኝ። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ መንገዱን በሌላ በኩል ተሻገረች።

ከዚህ በላይ ምን እጠብቃለሁ? አርብ ከሰዓት በኋላ ወደ ቢሮው ወጣሁ።

"የወንድሜ ሚስት ናት" አልኩት።

ባለቤቱ እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። "ድምፅዎ ውስጥ ጥርጣሬ ይሰማኛል።"

"ጥርጣሬ አይደለም። ክር ነው።" አስረዳሁት። ስለ አዲሱ ላውንደሪም ነገርኩት። ዓይኑን ገለጠ።

"ነገ ጠዋት ሁላችሁም እዚህ ትመጣላችሁ። ስጠይቅዎ እርስዎ ፊት ለፊት ይናገራሉ።"

ያን ማታ ወንድሜ ግቢው ውስጥ የልጁን ጨርቅ ገመድ ላይ ሲሰቅል አገኘሁት። "እግዜር ይስጥህ" አለኝ፤ "አንተ ባታስገባት ኖሮ ዘንድሮ አልቆልን ነበር።" ከግቢው በር ጋ የሌለ ነገር እንደምፈልግ ሆኜ አጎነበስኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ማሽኖቹ ቆመው ነበር፤ ጸጥታው ሕንፃውን ባዶ አስመሰለው። ቢሮው ውስጥ ባለቤቱ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። የመተኮሻዋ እትዬ ወንበር ተሰጥቷቸዋል። ሬዲዮ ግድግዳውን ተደግፏል፣ ለአንድ ጊዜ ጆሮው ባዶ ነው። የወንድሜ ሚስት በሩ አጠገብ ቆማለች።

ባለቤቱ እኔን አየኝ። የሰፋሁትን ክር፣ ያገኘሁትን ቀለም ተናገርኩ። ስሟን ስጠራ አላየኋትም።

"ሰምተሻል" አላት። "ምን ትያለሽ?"

"የምለውን በኋላ እላለሁ" አለች። "መጀመሪያ ምን አጠፋሽ እንደምባል ይነገረኝ።"

ባለቤቱ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ የዋናዋን አጣቢ ቪዲዮ ከፈተ። ዓይኑን ጨፈነ። የሴትየዋ ድምፅ ክፍሉን ሞላው፤ "በረኪና በቀኝ፣ ማለስለሻ በግራ። እንዳትረሱ፣ በረኪና በቀኝ።"

"በቀኝ ነው የሚለው" አለ ባለቤቱ። "አንቺ በየትኛው ነው የምትጨምሪው?"

"በግራ።"

"ይኸው" አለ።

"ምኑ ይኸው? ድምፁን ምን አደርገዋለሁ?" አለች። "እኔ እጇን ነው ያየሁት። ዓይንዎን ይግለጡና ይዩት።"

ለባለቤቱ እንዲህ ብሎ የሚናገር ሰው አላየሁም። ዓይኑን ገለጠ። ሁላችንም ስልኩ ላይ አጎነበስን። ድምፁ ቀኝ ይላል፤ እጇ ግራውን ይከፍታል። ቪዲዮውን ከድምፁ ጋር ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

"ቀኝ ነው ያለችው፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ" አለ ሬዲዮ።

"አይተኸዋል ወይ?" አለችው።

"ኪስ ውስጥ ሆኖ እንዴት አድርጌ አየዋለሁ?"

"የተነካካ ቪዲዮ ነው" አለ ባለቤቱ። ድምፁ ዝቅ ብሏል። "አንዱ ገብቶ ድምፁን ቀይሮታል። ማን ነው?" አንድ በአንድ አየን፤ ሬዲዮን፣ እሷን፣ ከዚያ እኔን። እኔ ላይ ቆየ።

"እንግዲህ የእኔን ላሳይ" አለች የወንድሜ ሚስት። ስልኳን ከደረቷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ ከባለቤቱ ስልክ ጎን አኖረችው።

በቪዲዮው ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ። ከመደርደሪያ ኋላ ተደብቃ ያነሳችው ነው፤ ጆሮ የሚይዘው ነገር የለውም፣ የማሽን ጉርምርምታ ብቻ። አንድ ሽማግሌ ባዶ ክፍል ውስጥ ይገባል። በሩን ያያል። ከኪሱ ትንሽ ነገር ያወጣል። የሷ ጥቅል ላይ ጎንበስ ይላል፣ እጁን ወደ ውስጥ ይሰዳል፣ እንደገና በሩን ያያል። ራሴን ባላውቀው ኖሮ እኔም ይሄ ሰውዬ ሌባ ነው እል ነበር።

"ያን ቀን ከምሳ ቀድሜ ተመልሼ አይቼዎታለሁ" አለችኝ። ወደ እኔ የዞረችው አሁን ነው። "አንሶላዬ እየተበላሸ እኔ በደንቡ እየሠራሁ ምን እንደሆነ ግራ ገባኝ። ከዚያ እርስዎን አየሁ። አንድ ነገር የሚጨምሩበት እርስዎ ነዎት ብዬ አሰብኩ። ምን አድርጌዎት ነው ብዬ ሌሊቱን ሁሉ ያንን ሳየው አድራለሁ። ማዶ የሄድኩትም ሥራ ልጠይቅ ነው፤ ሳልባረር በፊት።"

"ክር ነው የሰፋሁት" አልኩ።

"ቪዲዮው ላይ ክር አይታይም" አለ ባለቤቱ።

አልታየም። ክር በዚያ ርቀት አይታይም። የማውቀውን ሥራ ሠራሁ፣ ማየት። ሁለቱ ስልኮች ጎን ለጎን ነበሩ፤ በአንዱ እኔ አጎንብሼ፣ በሌላው ዋናዋ አጣቢ ቆማ። ማሽኑ ያው ማሽን፣ ክፍሉ ያው ክፍል። ከአንዱ ወደ ሌላው ዓይኔን አመላለስኩ።

የጓሮው በር።

በወንድሜ ሚስት ቪዲዮ በሩ ከማሽኑ በስተግራ ነው። ትክክል ነው፤ ለዓመታት በዚያ በር ወጥቻለሁ ገብቻለሁ። በዋናዋ አጣቢ ቪዲዮ ግን በሩ ከማሽኑ በስተቀኝ ነበር።

"ያቁሙት" አልኩት ባለቤቱን። "ምስሉን ያቁሙት። ሽርጧን ያሳድጉት።"

በሁለት ጣቱ አሳደገው። ሽርጡ ላይ የታተመው የላውንደሪው ስም ፊደሎቹ ፊታቸውን ወደ ኋላ አዙረው ነበር። መስታወት ውስጥ እንደሚታይ ጽሑፍ።

"ብቻዋን ነበረች" አልኩ። "ስልኩን የሆነ ነገር ላይ አስደግፋ፣ ራሷን እያየች፣ በፊተኛው ካሜራ ነው የቀረጸችው። ያ ስልክ ደግሞ ምስሉን ገልብጦ ነው ያስቀመጠው። በእውነቱ ስትጨምር በቀኝ ነው፤ በምስሉ ግራ ሆነ። ድምፅ ደግሞ አይገለበጥም። የወንድሜ ሚስት ያንን አይታ በግራ የጨመረችው በረኪና በመጨረሻው ውሃ ገብቶ ሳይለቀለቅ ነው ብረቱ የሚያገኘው።"

ሬዲዮ ወደ ስልኩ ጠጋ ብሎ ፊደሎቹን አያቸው።

"ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ቀን ሲያዩት በር የሚያህል ነገር አልታየዎትም?"

"እጇን ነበር የማየው" አልኩ። ለእሱ የመለስኩ መስዬ ለእሷ ነበር።

ባለቤቱ አላመነም። ለእሱ ይህ ገና ወሬ ነው። ጡረተኛዋ ጋ ደወለ፤ ከረጅም ጥሪ በኋላ አነሳች። "ቀኝ ነው እንጂ" አለችው፤ "ብዬም የለ እንዴ? ሰው አይሰማም እንዴ እናንተ ጋ?" ያም አልበቃውም። ሁላችንም ወደ ታች ወረድን። የወንድሜ ሚስት አንድ ጥቅል አንሶላ ማሽኑ ውስጥ ከተተች፣ በረኪናውን በቀኙ ክዳን ጨመረች። ማሽኑ እስኪጨርስ ማናችንም ከክፍሉ አልወጣንም፤ እርስ በርስ ስንተያይ አንዱ ሌላውን የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ባለቤቱ ወንበር አስመጥቶ እጇ ላይ ዓይኑን ተክሎ ተቀመጠ። ዓይኑን ሳይጨፍን ይህን ያህል ሲቆይ አይቼው አላውቅም።

የመተኮሻዋ እትዬ የመጀመሪያውን አንሶላ በሙቅ ብረት ስር አሳለፉና አፍንጫቸው ላይ አደረጉት። ሁላችንም እሳቸውን አየን። ቀስ ብለው አሸተቱ፣ ጠርዙን በጣታቸው አሹት።

"አሁን ሰው ይተኛበታል" አሉና ወደ እኔ ወረወሩት።

መስኮቱ ጋ ወስጄ አየሁት። ነጭ ነው። ገልብጬም አየሁት።

ባለቤቱ አዲስ ቪዲዮ እንዲሠራ አዘዘ፤ እሷ እንድታነሳው፣ ሬዲዮ እንዲናገርበት። ክዳኖቹ ላይም የሚጻፈው ተጽፎ ከላዩ በላስቲክ ተሸፍኖ እንዲለጠፍ። ከዚያ "ሥራ" ብሎ ወጣ። ማንንም ይቅርታ አልጠየቀም፤ ደረጃው ላይ ግን ቆም ብሎ እሷን "ሰኞ ትመጫለሽ አይደል?" አላት። "እመጣለሁ" አለችው።

እኔና የወንድሜ ሚስት በእግር ተመለስን፣ አንድ ግቢ ስለሆንን ብቻ።

"ለወንድሜ ምን ልትይው ነው?" አልኳት፣ ከዚያ አፌን አረምኩ፤ "ለባልሽ ማለቴ ነው።"

"ምን እንድለው ይፈልጋሉ?"

"የሆነውን።"

"የሆነውን ማን አየው፣ ጋሼ? እርስዎ ያዩት ሌላ፣ እኔ ያየሁት ሌላ።"

ግቢው በር ላይ ስንደርስ ኪሴ ውስጥ ያለው ቀይ ክር ትዝ አለኝ። አውጥቼ ሰጠኋት። ተቀብላ በጣቷ አሽከረከረችው፣ ምን ያህል እንደቀረ አየች፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ስልኳም እዚያው ነበር። ያንን ቪዲዮ አጥፍተሽዋል ወይ ብዬ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ፤ እሷም የምጠይቃትን ያወቀች ይመስል ፊቴን እያየች ጠበቀችኝ።

አልጠየቅኳትም። በሩን ከፍቼ አስቀደምኳት።